ዓይኑ ላይ የተቀመጥኩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሱቁን የብረት በር ሲያስቀባ የዘይት ቀለሙ ሽታ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞላው። የመጨረሻዋ ልጄ ራሴን አመመኝ ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሳ እኔ ሳላስበው እጇን ያዝኳት። ለምን እንደያዝኳት ጠየቀችኝ። የቀለም ሽታ ሲመጣብኝ ሥራዬን ትቼ ቁጭ የምለው ለምን እንደሆነ ለልጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ለራሴም አስረድቼው አላውቅም። የተማርኩት ጥቂት ነው፤ የተማርኩበትን ቦታ ግን ከነሽታው አስታውሰዋለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ከአማኑኤል ወደ እህል በረንዳ ስንሄድ የምናልፍበት መንገድ ዳር ነበር። ባለቆርቆሮ ጣሪያ ረጃጅም ክፍሎች፣ በአጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ፣ መረብ የሌለው የቅርጫት ኳስ ብረት፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ የሚሆን ሰፊ ሜዳ ነበረው። ከመርካቶ ጠባብ መንገድ፣ ከተሸካሚው ጩኸትና ከጆንያው ብናኝ ወጥቼ በዚያ በር ስገባ ሰማዩ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን እህል ጭነው የመጡ አህዮች በአጥሩ ቀዳዳ ይገቡና ሜዳው ላይ በኖራ የተሰመረውን የሩጫ መስመር እየረገጡ ያጠፉታል፤ የስፖርት አስተማሪያችን ጋሼ ዘለቀ ፊሽካ እየነፉ ሲያባርሯቸው፣ አህዮቹ ከእኛ በተሻለ ሥርዓት በየመስመራቸው ይሮጡ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ መፈክር እንላለን፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ሁሉም ተማሪ ወይ ስፖርት ወይ ኪነት ላይ መሳተፍ ነበረበት። የኪነቱ ልጆች ከቤት አያያዝ ክፍሉ ጀርባ አኮርዲዮንና ከበሮ ይዘው አንዱን መዝሙር ደጋግመው ሲለማመዱ ስለሚውሉ፣ የሰፈሩ ሕፃናት ከእነሱ ቀድመው ሸምድደውት ነበር። እኔ ስፖርቱ ውስጥ ነበርኩ። አባቴ እህል በረንዳ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋ ነበርና ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ፤ ሳይቀዘቅዝ ላድርስ ብዬ ኩንታል በተሸከሙ ሰዎች መካከል፣ ጋሪ ሲመጣ ወደ ግራ፣ ዞር በይ ሲሉኝ ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ መሮጥ ለምጄ ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዬን ስሮጥም ያው መታጠፌ አልቀረም። ጋሼ ዘለቀ አንድ ቀን ከት ብለው ሳቁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ማን መጣብሽ? ሜዳው እኮ ባዶ ነው» አሉኝ። ቀጥ ብሎ መሮጥ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ዘጠነኛ ክፍል አጋማሽ ላይ በትምህርት ቤቶች ውድድር የዱላ ቅብብሉን የመጨረሻ ዙር እንድሮጥ መረጡኝ፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ላይ ሰው መኖሩንም አላየሁ።

እናቴ ግን ደስታዋም ፍርሃት ነበር። ከቤተሰባችን ሴቶች ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ይህን ለጎረቤት እየተናገረች፣ ማታ ደግሞ ተናገርኩ ብላ ትጨነቃለች። ከእኔ ጋር ውላችን አንድ ነበር። «ስምሽ በደግም በክፉም ሳይነሳ ተማሪ፤ የተነሳ ቀን ቤት ትገቢያለሽ» ትለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ስም ሲነሳ ምን እንደሚከተል አይታለች፤ ስለዚህ አልተከራከርኳትም። መሮጥ ስም ማስነሳት ነው አይደለም የሚለውን ግን ሁለታችንም በደንብ አላወቅነውም ነበር፤ በረጅም ቀሚስ ስር ሱሪ ለብሼ እስከሮጥኩ ድረስ ዝም አለችኝ።

በዚያው ዓመት ለሚያዝያው የላብ አደሮች ቀን በዓል አዲስ ሥራ መጣ። የኪነት ኃላፊው መምህር ግርማ ስፖርተኛ ኪነተኛ ሳይሉ ሁላችንንም ሰበሰቡና፣ ስታዲየም ውስጥ በሰው የሚሠራ ትልቅ ሥዕል እንደምናሳይ ነገሩን። ለእያንዳንዳችን በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ስስ የጣውላ ሰሌዳዎች ተሰጡን። ከክፍል የወጡ አግዳሚ ወንበሮች እንደ ደረጃ ተደራርበው ሜዳው ላይ ተሠሩ፤ እዚያ ተደርድረን ተቀምጠን፣ መምህር ግርማ ከፊት ለፊት የሚያነሱትን ባንዲራ እያየን የታዘዝነውን ቀለም ፊታችን ላይ እናነሳለን። ሥዕሉ ምን እንደሆነ ግን አልተነገረንም። ሰሌዳው ስናነሳው ፊታችንን ስለሚሸፍነው የምናየው የራሳችንን ጣውላ ጀርባ ብቻ ነው። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ስለተሰጠን ጣቶቻችን ቀይና ጥቁር ሆነው ይውሉ ነበር፤ እናቴ ማታ ማታ በነጭ ጋዝ እየፈተገች ስታጥበኝ፣ «ምንድነው የምትሠሩት?» ትለኛለች፤ አላውቅም ስላት አታምነኝም። ልጅ ወር ሙሉ ሠርቶ የሚሠራውን አያውቅም ብሎ ማን ያምናል?

የጎረቤታችን ልጅ ሙና ከኋላዬ ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን ሰሌዳዋን እንዳነሳች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አኮርዲዮን የሚሸከመው ልጅ መምህር ግርማ ክፍል ውስጥ ንድፉን አየሁት ማለቱን ነገረችኝ። ሥዕሉ የሊቀመንበሩ ፊት ነው አለች። የእኛ ረድፍ ደግሞ ግራ ዓይናቸው ላይ ነው።

«አንቺ ብሌኑ ነሽ» አለችኝ። «ጥቁሩን ትተሽ ነጩን ብታነሺ ሊቀመንበሩ ይታወራሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቅንድብ ነኝ። ቅንድብ ምንም አይል።»

ሳቅን፤ ግን ከዚያ በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅነት ነውና ፍርሃቱ ውስጥ ኩራትም ነበረበት። ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት፤ የምትኮራብኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ ጣቶቼን እየፈተገች ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጠችና ረጅም ጊዜ እጄን አየችው።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ሳለን ነጠላዋን ተከናንባ በሜዳው መካከል ስትመጣ አየኋት። በቀጥታ ወደ መምህር ግርማ ሄደች፣ እጅ ነሳች፣ ከዚያ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ ልመናዋን አቀረበች።

«መምህር፣ ይቺ ልጄ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከዓይን አንስተው ወደ ጆሮ ቢያዛውሩልኝ። ጆሮ ቢሳሳት ማንም አያየውም።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ጋሼ ዘለቀ ሳይቀሩ ፊሽካቸውን ነክሰው ፊታቸውን አዞሩ። ያልሳቁት መምህር ግርማ ብቻ ናቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ባንዲራዎቹን መሬት ላይ ጥለው እናቴን ወደ ክፍሎቹ ጥግ ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ይህን ነገር ማን እንደነገረዎት አልጠይቅዎትም። ልጅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ለማንም አይናገሩ» አሏት። ያሉት ይህን ብቻ ነው። ቃላቱን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም፤ ትርጉማቸውን ግን አንድ ቀን እንደ ማስፈራሪያ፣ አንድ ቀን እንደ ልመና፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ደግነት እሰማዋለሁ። የፈሩት ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ደፍሬ ሄጄም አልጠየቅኳቸው፤ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላጣራሁም።

እናቴ እጄን ይዛ ወጣች። «ለጥቂት ቀን ቤት ቆዪ፤ ነገሩ ይብረድ» አለችኝ። እኔም አመንኳት፣ እሷም ራሷን ያመነች ይመስለኛል።

ውድድሩ ሲቃረብ ጋሼ ዘለቀ ራሳቸው ቤታችን መጡ። እናቴ አላስገባቻቸውም፣ አላባረረቻቸውም፤ በሩን በግማሽ ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ ልጅዎ ከቡድኑ አልወጣችም። ዱላውን የምትጨርሰው እሷ ናት። ለአንድ ቀን ይላኩልኝ» አሏት።

«ዓይኑስ?» አለች እናቴ።

«የምን ዓይን?»

እናቴ «አሟታል» ብላ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «አየሽ? እንዳልሰማ ሆነ። ሊፈትነኝ ነው የመጣው» አለች። ያን ቀን የሳቁት ሰው ምን ዓይን ሲሉ እኔም ግራ ገባኝ፤ ምናልባት ረስተውት ነበር፣ ምናልባት እሷን ለማረጋጋት ብለው ነው፣ ምናልባትም እሳቸውም ፈርተው ነበር። በበሩ ስንጥቅ ሲሄዱ አየኋቸው። ፊሽካው አንገታቸው ላይ ነበር፤ አንዴ ቆም ብለው ወደ ቤታችን ዞሩ፣ ከዚያ ሄዱ።

በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ሮጠች። ሥዕሉም በበዓሉ ቀን ታየ፤ ግን ሙና ሰሌዳዋ ፊቷን ሸፍኗት ነበርና ከራሷ ጣውላ ጀርባ በቀር ምንም አላየችም። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጋ ሄደው ካዩት መካከል አንዱ የስንዴ ነዶ ነበር አለኝ፣ ሌላው ትራክተር፤ ፊት አየሁ ያለኝ አንድም ሰው አላገኘሁም። የተናገሩት የሌላ ትምህርት ቤት ሥዕል ይሁን የእኛ እሱንም የሚያውቅ የለም። እናቴ የፈራችው ስሜ እንዳይነሳ ነበር፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሜን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ጥቂት ቀን ያለችው ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ዳረችኝ።

እናቴ አርጅታ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ አንድ ከሰዓት ፀጉሯን እያበጠርኩላት ድፍረት አገኘሁ።

«እማዬ፣ ያኔ ሜዳው ድረስ ባትመጪ ኖሮ እሮጥ ነበር እኮ» አልኳት።

«የት ነው የምትሮጪው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ። ዱላ ቅብብሉን።»

ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች። «አንቺ?» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ሩጫ አትወጂም ነበር። ሙና ናት የምትወደው።» ማበጠሪያውን ይዤ ቆምኩ። እሷ ይህን ያህል ተረጋግታ ስትናገር፣ በእርግጥ እወድ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

እኔም ዛሬ ልጅ ሲያመሽ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣ ያልተጠየቅኩትን የማልናገር እናት ሆኛለሁ፤ ስለዚህ ልፈርድባት አልችልም። ልጆቼን እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ አብሬያቸው ተጉዣለሁ፤ ደብተራቸውን አያለሁ፣ ሲሳሳቱ አርማለሁ። አሥረኛ ሲገቡ ግን እያንዳንዳቸውን ከበሩ ላይ ሸኝቼ እቀራለሁ። የመጨረሻዋም ዘንድሮ አሥረኛ ገባች። አጠገቧ ስቀመጥ ደብተሯን ወደ እኔ ታዘነብልና፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «እማዬ፣ ይሄን አታውቂውም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ አላውቀውም። በዚያ ሜዳ ዱላው እጄ ገብቶ ቢሆን ምን ያህል እንደምሮጥም አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም የለም።