ዓለሚቱ ያጠበችው ጓንት

የሁለት ሺህ ሰባቱ ሁዳዴ የገባው በልጉ እንደ ቀረ ነው። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚነሣው ንፋስ አቧራውን አፍ ውስጥ እየጨመረ፣ ቆሎውም ውሃውም አፈር አፈር ይል ነበር። የቀየት መንደር ሰው ሰማይ ሰማዩን ሲያይ የዓለሚቱ ሐሳብ ሌላ ነበር። የአባቷ የጋሽ ገሠሠ ሙት ዓመት በጾሙ መካከል ይውላል። ተዝካሩስ ከፋሲካ ወዲያ ይደርሳል። እሳቸው ግን በሁዳዴ በገና ሳይደረድሩ አድረው አያውቁም፤ ያን ዕለት ከቤታቸው ሰው እጅ አንዲት መዝሙር ካልተሰማች፣ ለእሷ በእውነት የሚሞቱት ያኔ ነበር። እሷ ደግሞ መደርደር አልተማረችም።

ዳኜ የሚባል ወጣት ለጥናት ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣው ከቅበላ በፊት ነው። በገና የሚያስተምር ጓንት ይዟል። በየጣቱ ላይ አንዳንድ ነገር ተሰፍቶበታል፤ የጣቲቱ ተራ ሲደርስ እንደ ሞባይል ይርገበገባል።

«ያጥልቁት እትዬ፤ ጣትዎ ራሱ ይለምደዋል።»

አጠለቀችው። ኤዲያ! ውስጡ እርጥብ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲሞክረው ከርሞ ላቡ ኮምጥጧል፤ ከላቡ ሥር የቅበላ ጮማ ይሸታል። ሲርገበገብባት ትል የሚሄድባት መሰላት፤ ምራቅ አፏን ሞላው። ለአባቷ ስትል ጥርሷን ነክሳ ተማረች፤ መዝሙሯ እስከ እኩሌታዋ ገባችላት።

በኋላ ግን አልቻለችም። በጮማ የቆሸሸ እጅ በጾም በገና ይነካል? ቤት ልለማመድበት ብላ ወሰደችና እንዶድ ወቅጣ ወንዝ ወረደች። አረፋው ጠቁሮ ወጣ። ጓንቱ በእጇ ውስጥ እንደ ጢንዚዛ አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ ዝም እንዳለ ቀረ።

«አጠቡት?» ዳኜ ራሱን ያዘ።

«እና ምን ላድርገው? ጥንብ እኮ ነው!»

ጎረቤቷ አስካለ ማርያም በሣቅ ፈረሰች። «አንቺ! የበገናው አውታር የበግ አንጀት አይደል? እሱ ሳይቀፍሽ?»

«እሱንስ አባቴ አጥበው፣ አድርቀው ነው የወጠሩት። ይሄ ፈርሱ ያልወጣ አንጀት ነው!»

ዳኜ የሞተ ጓንቱን ይዞ ሄደ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ቄሱና ጎረቤቱ በተሰበሰቡበት የአባቷን በገና ከግድግዳ አወረደች። ጣቷን ስታነሣ ያ ትል መጣባት። አንገሸገሻት፤ ቢሆንም የትሉን መንገድ አልረሳችም፣ በሄደበት እየተከተለች ደረደረች። እኩሌታዋ ላይ ስትደርስ ትሉም ቆመ፣ እጇም ቆመ።

«ይበቃል ልጄ፣ ሰምተዋል» አሏት ቄሱ።

እንግዳ እንኳ ሳትሸኝ ወጥታ እጇን በእንዶድ አሸችው።

ከዚያ ወዲህ በየሁዳዴው ያችኑ እኩሌታ ትደረድር ነበር፤ በደረደረች ቁጥር መታጠቧንም አልተወች። ኋላ ዓለም ከተማ ወደሚኖረው ልጇ ወረደች። እዚያው ናት፤ በገናውም አብሯት ነው።