ሙሽራ ሁሉ የተዋሰው ሰይፍ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ከጌም ቤት ጎትቼ ላወጣ ሄጄ የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። ቤቱን የሚጠብቀው ጎረምሳ ሲጥጥ የሚለውን የበር ማጠፊያ ዘይት በነካ ጨርቅ ያሻል፤ ከእሱ ባሻገር የእኔ ልጅ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ብረት የለበሰ የድሮ አውሮፓ ፈረሰኛ ሆኖ፣ የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሰይፍ በአንድ እጁ እያሽከረከረ ስክሪኑ ላይ ሰው ያጭዳል። ዘይቱና ሰይፉ አንድ ላይ ሲመጡብኝ የመጣሁበትን ቁጣ ረሳሁት። ጌም ቤቱ የቆመው የሼህ ነስረዲን ግቢ በነበረው ቦታ ላይ፣ ልክ የማንጎ ዛፋቸው በነበረበት ነው፤ እኔም በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ሰይፍ ያየሁት እዚያው ነው።

አባቴ ከጎጃም አሶሳ የተመደበ የታሪክ መምህር ነበር። ጎረቤታችን ሼህ ነስረዲን ደግሞ የበርታ ሰው፣ ሰሊጥ ነጋዴ፣ በማጋነን ከእኔ በቀር አቻ ያልተገኘላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ቆዳ ሰገባ የተሰቀለው ሰይፍ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ ነው፤ ስለቱ ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ዓይንና አፍንጫ ያላት ግማሽ ጨረቃ ተቀርጻለች። ሼህ እሱን በሰሊጥ ዘይት እያሹ ሲያወሩ፣ ቅድመ አያታቸው መንጌ ወንዝ ወርቅ ሲያጥቡ ካገኙት ብረት በገዛ እጃቸው እንደቀጠቀጡት፣ በአንድ ምት የነብር ጥላ ቆርጠው ነብሩ እስኪሞት ድረስ ያለ ጥላ እንደኖረ ይነግሩናል። እኔም ከዚያ ወዲህ ነብር ባየሁ ቁጥር (አንድም ጊዜ አላየሁም) መጀመሪያ የማየው ጥላውን ነው።

ሰይፉ ግን የሼህ ብቻ አልነበረም። በሰፈሩ የሚያገባ ሁሉ ለሠርጉ ቀን ይዋሰዋል፤ በማግስቱ ዘይት ቀብቶ ይመልሰዋል። ነብርም ሆነ ሰው ሲቆርጥ ያየ የለም፤ ሙሽራ አጅቦ ሲሄድ ግን ሁላችንም አይተነዋል።

ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ ይቀየራል፤ ሻይ ቤት ውስጥም ማን ያገሩ ልጅ፣ ማን መጤ እንደሆነ የሚለይ ሰው አይጠፋም። አባቴ ይህን ወሬ ሲሰማ ሰንብቶ ወደ ጎጃም ዝውውር ጠየቀ፣ እናቴም ድስቶቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። እኔ ጎጃምን አላውቀውም። አሶሳን መልቀቅ ለእኔ ማንጎውን፣ ጥላ አልባውን ነብርና የተወለድኩበትን ቤት ጥሎ መሄድ ነበር።

በዚህ መሐል የሼህ ልጅ ሐሚድ ሊያገባ ሆነ፤ አማቾቹም ከመንጌ መጡ። ሼህ የመንጌውን ወርቅና የነብሩን ጥላ በሰፊው ተርከው ሲያበቁ፣ እንግዶቹ እንዲያደንቁት ሰይፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አባቴ ዘንድ ሲደርስ መነጽሩን አደረገ። ዘይቱ ስለቱን ወልውሎት ኖሮ ከጨረቃዋ ሥር የተቀረጸው ነገር ብቅ አለ።

«ሼህ! ይሄ እኮ በላቲን ፊደል የተጻፈ የጀርመን ከተማ ስም ነው! ይሄ ስለት ጀርመን አገር የተሠራ ነው!» አለ፣ የጠፋ ወንድሙን እንዳገኘ ሰው እየፈነደቀ።

አማቾቹ ሼህን አዩ፣ ሼህ መሬት መሬቱን አዩ፣ እናቴ አባቴን ቆነጠጠችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥር በኩል ይመጣልን የነበረው ማንጎ ቀረ። አባቴን በዓረብኛ ‹መምህር› ብለው የሚጠሩት ሼህ ሰላምታቸው «ኡስታዝ፣ ደህና?» ብቻ ሆነች።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት» ይላል አባቴ።

«እውነትህን ለተማሪዎችህ ብታስቀምጥላቸው ምን ነበረበት?» ትላለች እናቴ፣ ብርጭቆ እየጠቀለለች።

የሠርጉ ጠዋት ከበሮው ከአጥሩ ማዶ ሲመታ እኛ በራችንን ዘግተን ተቀምጠናል። በሩ ተንኳኳ። ሼህ ነስረዲን ናቸው፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ሰይፉን ይዘዋል።

«ኡስታዝ፣ ተነሣ። ሰይፉን ለሙሽራው አንተ ትወስዳለህ።»

«እኔ? ሼህ፣ ይሄ የዘመድ ሥራ አይደለም እንዴ? እኔ የሩቅ ሰው ነኝ።»

«እሱም የሩቅ ነው!» አሉ ሰይፉን እየነቀነቁ። «አያቴ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ብረቱ ከባሕር ማዶ መጣ፣ በሱዳን ነጋዴ መጣ። እጀታው ግን የመንጌ እንጨት ነው። እዚህ ስንት ሙሽራ ያዘው! አሁን ማን ነው እንግዳ የሚለው?» ወደ ጥቅሎቹ ዞር አሉ። «ሚስትህ ድስቱን ይፍታ። እንግዳ ብዙ ነው፣ ድስት አንሶናል።»

አባቴ ሰይፉን ክርስትና እንደሚወስዱት ሕፃን በሁለት ክንዱ ታቅፎ ወጣ። ሴቶቹ ከሳቅ ብዛት እልልታው አቃታቸው። «ኡስታዝ፣ እንደሱ አይያዝም!» ይሉታል፤ እሱ ግን ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሰው የፈራ ይመስል እየተጠነቀቀ አደረሰው። ድስቶቹም ተፈቱ፣ ዝውውሩም ተረሳ። አባቴ ዛሬ የተቀበረው አሶሳ ነው፤ ሼህም ከእሱ ብዙ አልራቁም። ሰይፉ ከሐሚድ ጋር ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ማንጎው ተቆረጠ። እኛም ብንሆን መጥፎ ዘመኖች አልፈውብናል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን «ከየት ነህ?» ብሎ የጠየቀባቸው።

ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈረሰኛው ሰይፉን ያለ ሰገባ ጀርባው ላይ ለጥፎ ይሮጣል፤ ዝናብ ይመታዋል፣ አይዝግም፣ ዘይት አይፈልግም። እውነተኛው ከሁለት ኪሎ ስኳር ይቀል እንደነበር ብነግረው ልጄ አላመነኝም፤ በእሱ አይፈረድም፣ ሲዋሽ የኖረ አባት እውነት የተናገረ ዕለት ይቀጣል። ከዚያ ግን ሰይፉ በቅርብ ሲታይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ዓይንና አፍንጫ ያላት ግማሽ ጨረቃ አየሁ።

«ይሄን ሰይፍ ለጎረቤት ማዋስ ይቻላል?» አልኩት።

«ማዋስ? ኧረ አባ፣ መሸጥ ወይ መጣል ብቻ ነው ያለው።»

«እስቲ እኔ ልያዘው።»

ጆይስቲኩን ሰጠኝ። ፈረሰኛው ቆመ፤ ከየአቅጣጫው ይወጉት ጀመር፤ እኔ ጨረቃዋን አያለሁ። ልጄና የቤቱ ጎረምሳ በሳቅ ሲንከተከቱ ነው ወደ እጄ የተመለከትኩት፤ ለካ ጆይስቲኩን በሁለት ክንዴ ታቅፌዋለሁ።

«አባ፣» አለኝ ልጄ እንባውን እየጠረገ፣ «እንደሱ አይያዝም!»