ዘንገና ላይ የጮኸችው መኪና

መካኒክ ነኝ። እንጅባራ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። እጄ ላይ የሚወድቀው ሚኒባስ፣ አይሱዙና ባጃጅ ነው። ቁጡ ነኝ፤ ፍሬኑ አልቆ እየነዳ የመጣ ሾፌር ካየሁ አልምረውም። ደንበኞቼ "ይሰድባል እንጂ አይዋሽም" ይሉኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የስፖርት መኪና ናት። ለሠርግ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ጎረምሳ ከአዲስ አበባ ነድቷት መጥቶ ጋራዤ በር ላይ አቆማት። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በዚህች መኪና የኛን መንገድ መድፈሩ ራሱ ጉድ ነው። ምን ሆነች ብለው፣ አልጮኽ አለች አለኝ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መኪና ዝም ሳሰኝ የኖርኩ፣ ይኸኛው ደግሞ አስጩህልኝ ብሎ መጣ። ከሠርጉ በፊት እንድትደርስለት ለመነኝ፤ ከከተማ እንዳላወጣት አስጠነቀቀኝ፤ ነገ እመለሳለሁ ብሎ በሚኒባስ ሄደ።

በክሪክ አንስቼ ከሥሯ ገባሁ። የእንዲህ ዓይነቷ መኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ ክዳን አለ። የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ብረት ናት፤ መሃሏ ላይ ዘንግ ገብቶላት ትዞራለች። ቀስ ብለህ ስትነዳ ክዳኗ ትዘጋለች፤ ጭሱ በድምፅ ማፈኛው፣ በማርሚታው ሆድ ውስጥ ተጠማዝዞ፣ ድምፁ ታፍኖ ይወጣል። ቤንዚን ስትረግጥና ሞተሩ ሲፈጥን፣ በአየር የምትሠራ ትንሽ መሳቢያ ክዳኗን ትከፍታታለች። ጭሱ ማርሚታውን ትቶ በአቋራጭ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ታገሳለች። እግርህን ስታነሳ ክዳኗ ተመልሳ ትዘጋለች፤ መኪናዋም ምንም እንዳልተናገረ ሰው ዝም ትላለች። የዚህኛዋን ዘንግ ጭቃና ዝገት ይዞት ነበር፤ የአየር ቱቦዋም ተሰንጥቃለች። ዝገቱን አስለቀቅሁ፣ ቱቦዋን ቀየርኩ፣ ክዳኗ በጣቴ ስነካት መዞር ጀመረች።

እዚያው ጋራዡ በር ላይ ሞቅ አድርጌ ብሰማት ይበቃኝ ነበር። ግን እንዲህ ያለች መኪና ከዚህ ወዲያ መቼ እጄ ትገባለች? ይዣት በጥሊሊ መንገድ ወጣሁ። እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ሐይቁ ከመንገዱ በታች ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ ስለሸፈነው መንገዱና ውኃው አይተያዩም። ኩርባውን እንዳለፍኩ ረገጥኳት። ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! ክዳኗ ተከፈተች፣ ጩኸቱ ጎድጓዳው ውስጥ ወረደና ከወዲያኛው አፋፍ ተመልሶ መጣ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እንደ ሕፃን ነው የሳቅሁት። መንገድ ዳር ማን ይቁም ማን አላየሁም። እግሬን አነሳሁ፣ ዝም አለች፣ ወደ ፊት ሄጄ አዞርኳትና ቀስ ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ባለቤቷ መርቆኝ ወሰዳት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ ጋራዤ መጡ። የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ በጥር የፈረስ በዓል ዳማ ፈረሳቸውን ሲጋልቡ ያላየ የአካባቢው ሰው የለም። አንድ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። የሆነውን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ፈረሱን ይዘው ሐይቁ አፋፍ ላይ ሣር ሲያስግጡ ውኃው ውስጥ አንዳች ነገር አጓራ። ፈረሱ ገመዱን ከእጃቸው መንጭቆ ገደሉን ይዞ ወረደ። የፊት እግሮቹ ተሰብረው እዚያው ሞተ።

ይህን ሲሉኝ የያዝኩትን መፍቻ መሬት አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ጥቂት ቀደም ብሎ ሸክላ አፈር የተሸከመች ሴት በአጠገባቸው አልፋ ነበር። ቆም ብላ "ይህ ፈረስ እንዴት ያምራል" አለች፤ ማርያም ትጠብቀው ሳትል ሄደች። አገሩ ሁሉ ዓይኗ ነው የበላው ብሏል። ሴትዮዋ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቡዳ ናት፣ አለቀ።

ሸክላ ሠሪዋ የእናቴ እህት ናት፤ አክስቴ።

በኛ አገር ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። የእናቴ ወገን ሸክላ ሠሪ፣ የአባቴ ወገን ብረት ቀጥቃጭ ነው። እኔም ያንኑ ብረት ነው የምነካው፤ ግን ከተማ ገብቼ በኤሌክትሪክ ስለምበይደው መካኒክ ተባልኩ፣ ሰውም አብሮኝ ይበላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ለማንም አላወራም። ሽማግሌውም አያውቁም።

እሳቸው ወሬውን አላመኑበትም። የመጡትም ለዚሁ ነበር።

"ልጄ፣ አንተ የመኪና ነገር ታውቃለህ" አሉኝ። "አይሱዙ ቢሆን ገና ከጥሊሊ ሲነሳ እሰማዋለሁ። ሳይሰማ መጥቶ፣ ድንገት አጓርቶ፣ መልሶ ዝም የሚል መኪና አለ እንዴ? ካለ ንገረኝ፤ በዚያች ሴት ላይ በሐሰት ፈርጄ ኃጢአት ውስጥ መግባት አልፈልግም።"

እንግዲህ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ በር ይክፈትልህ?

"የለም አባባ" አልኳቸው። "የሚጮህ መኪና ከሩቅ ነው የሚሰማው።"

እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ተነሡ። እኔ ተመልሼ የጀመርኩት ሚኒባስ ሥር ገባሁና አልፈታም ያለኝን ብሎን ስሰድብ ዋልኩ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ሰሞን በዓይኔ አየሁት። ቅዳሜ ገበያ አክስቴ ማሰሮና ጀበናዋን ደርድራ ተቀምጣለች፤ ለዓመታት ከእሷ የገዙ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። አንዷ እናት ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ምንጭ ላይ ደግሞ ሌላው ሳይቀዳ እንዳትቀዳ እንደተነገራት ሰማሁ። እኔ፣ የእህቷ ልጅ፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ በባጃጅ ተከልዬ ነበር የማያት። ሄጄ አንዲት ጀበና እንኳ አልገዛኋትም። ብናገር በፈረሱ ምክንያት ይጣሉኛል ብዬ ፈራሁ። የባሰው ፍርሃቴ ግን እሱ አልነበረም፤ ለእሷ ስከራከር ዘሩ ነው፣ ያው ከእነሱ ነው እንዳይሉኝ ነበር። ቁጣዬ ሁሉ በሾፌር ላይ ብቻ ነው ለካ! ጥር መጣ፤ ሽማግሌው በበዓሉ ላይ በእግራቸው ቆመው የሌላውን ሰው ፈረስ ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

በበዓሉ ማግስት አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። የሚገዛት የለም፤ እሷ ግን ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ጭቃ ታቦካለች። ከእሷ ጋር የምንነጋገረው በአዊኛ ነው። ቆሜ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መኪናዋን፣ ሽማግሌው የጠየቁኝንና የመለስኩላቸውን ውሸት። ክዳኗ እንዴት እንደምትዘጋና እንደምትከፈት በመዳፌ አሳየኋት። እሷ ጭቃውን ማቡካቷን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "አፈሩን ተሸክሜ ኩርባው ላይ መንገድ ዳር ደርሼ ነበር። በመስታወቱ አየሁህ። ትስቅ ነበር።"

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ይህን ሁሉ ወር ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

"እኔን ድሮም ይሉኛል፣ ለምጄዋለሁ" አለች። "ከዘራችን ከዚህ ስም የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ። እኔ ነኝ ወደዚያ የምመልስህ?"

ነገውኑ ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ አልኳት። እጇን ከጭቃው አውጥታ ክንዴን ያዘችኝ። በእናትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር አለችኝ።

መከራከር ነበረብኝ። እጇን አስለቅቄ መሄድ ነበረብኝ። እሺ አክስቴ አልኳት። እንባዬ ሲወርድ አይታ ለእሷ ያዘንኩ መሰላት፤ በጭቃማ እጇ ፊቴን ጠረገችልኝ፣ አይዞህ አለችኝ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።