ለቀደምቶቹ ድምፅ የሰጠችው ሴት

ሥራ የጀመረችው አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ በመጥራት ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ስለነበር የተኛ ሹፌር ያስበረግጋል፤ ባልደረቦቿም «ነጎድጓድ» አሏት። አንድ ቀን ተራ ሲጠብቅ የነበረ የኮምፒውተር ጌም ሠሪ ሰማትና እዚያው ለምኖ ለሚሠራው ጌም ድምፅ እንድትሰጥ ወሰዳት።

ጌሙ ውስጥ ከከዋክብት በፊት የነበሩ፣ በሞቱ ፕላኔቶች ሆድ የተኙ፣ «ቀደምቶቹ» የሚባሉ አማልክት መሰል ፍጡራን አሉ። የሁሉም ታላቅ የሆነችው የምትናገረው በነጎድጓድ ድምፅ ነው። ነጎድጓድ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ የቀረጻ ክፍል ቆማ «ፀሐይን የለኮስኩ እኔ ነኝ» ስትል፣ ድምፅ ቀጂውን ውርር ያደርገው ነበር። ከዚያ ትወጣና በሽንኩርት ዋጋ ስትጨቃጨቅ ትገኛለች።

ኋላ ጉሮሮዋን ይከረክራት ጀመር። ጉንፋን ነው ብላ ችላ አለችው። ሲብስባት የሄደችበት ሐኪም ግን ካንሰር መሆኑን ነገራት።

«ማንቁርትሽ መውጣት አለበት» አላት።

«ድምፄስ?»

«መጀመሪያ ነፍስሽ ትትረፍ።»

የታላቂቱ የመጨረሻ ንግግር ገና አልተቀዳም ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ልትጨርሰው ስትነሳ እህቷ በሩ ላይ ቆመች።

«አብደሻል እንዴ? የቀረችሽን ድምፅ ለልጅሽ አታስቀምጪላትም?»

«ድምፅ በጠርሙስ አይቀመጥም፣ እትዬ» ብላ ሄደች።

ቀረጻው ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ደገመች፤ ባሰባት። አፏን ደም ደም አለው። «አንዴ ብቻ፣ በናትህ!» እያለች ስፖንጁን በቡጢ መታች። ቀጂው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ መሣሪያውን አጠፋው። ቀሪውን ሌላ ሴት ሞላችው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልጇ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ጌሙን ከፍታ ታላቂቱን መቀስቀስ ጀመረች።

«ማን ነው የቀሰቀሰኝ?» ይላል የተቀዳው ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» ትላለች ልጅቷ።

«ተንበርከክ!»

ነጎድጓድ በሩ ላይ ሆና ልጇን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ አንገቷ ላይ ካለው ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በሩን በመዳፏ መታችው። ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣

«ቆይ፣ ትንሽ ልስማት» አለች።

እናቷ ሄዳ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀለችው። ልጅቷ እሪ አለች፤ እቅፏ ውስጥም ሆና አልበርድ አለች። እናቷ እሹሩሩ የምትልበት ድምፅ የላትም። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ገመዱን መልሳ ሰካችው።