የበራዱ ጠርዝ

ሚስቴ ወለላ ሉማሜ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው፤ ታላቅ እህቷ የኔዓለም "ወለላ ትጀምራለች እንጂ አትጨርስም" ማለቷ። እውነቱን ለመናገር ቤታችን ውስጥ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ አለ። ቢሆንም ይህን መናገር ያለብኝ እኔ ባሏ ነኝ እንጂ የኔዓለም አይደለችም።

ዘንድሮ የኔዓለም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ልትከፍት ተነሳች። ለግድግዳው ደብረ ማርቆስ ሄዳ ባነር አሳትማ ነበር። ወለላ ይህን ስትሰማ፣ "እታለም፣ ባነሩን ተዪው፤ ግድግዳሽን እኔ አለብሰዋለሁ" አለቻት።

የኔዓለም ሳቀች። "እሺ፣ ሞክሪ። ባነሩን ግን አልጥለውም፤ ካልጨረስሽ እሱን እሰቅላለሁ።"

ከንግግሯ ይልቅ ሳቋ ነው ወለላን ያቃጠላት።

የሰፋችው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሻይ በራድ ቅርጽ ያለው ጨርቅ ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል፤ ሆዱ የተነፋ፣ መቅጃው የተቆለመመ፣ እጀታው መሐሉ ክፍት ነው። ፊቱን ከደንበኞቿ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጠመችው፣ መሐሉ አሮጌ ብርድ ልብስ አስገባች፣ ጀርባውን አቡጀዲ አደረገችና ሦስቱን ደራርባ አብራ ሰፋቻቸው። የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ወለላ የመርጡለ ማርያም ልጅ ናት፤ "በእናቴ ቤት ለእህት ጥለት የሌለው ጨርቅ አይሰጥም" ብላ ድርቅ አለች። ከሸማኔ ያመጣችውን ቀይና ቢጫ ጥለት ዙሪያውን ሰፋችው። ጥለት ደግሞ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው፤ የነጠላ ዳር እንጂ የበራድ ሆድ መዞር አያውቅም። ግድግዳ ላይ ስንሞክረው ሆዱ ተሸበሸበ፣ መቅጃው ወደ ላይ ተጠቀለለ፤ እጀታውማ ያበጠ ጆሮ መሰለ።

"በካውያ ተኩሺው" አልኳት።

"ደሜ፣ አንተ አውቶቡስህን ጥራ!"

ሥራዬ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪነት ነው። ካውያውን ግን አቀበልኳት።

ተኮሰችው፤ ባሰበት። ፈትታ እንደገና ሰፋችው፤ ያው ሆነ። የሻይ ቤቱ ምርቃት ነገ ሊሆን ጥለቱን በሙሉ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "እታለም እውነቷን ነው" አለች። እኔን በቁጣ ከቤት የምታስወጣ ሴት ድምፅዋ እንዲህ ሲሟሽሽ አንጀቴን በላችው።

"የዩኒፎርም ክብ አንገት በምንድን ነው የምትከፍፊው?" አልኳት።

"በሰያፍ በተቆረጠ ጨርቅ ነዋ! በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል፣ እንደፈለግኸው ይዞራል። መች ጠፋኝ? ጥለት ካልሆነ ብዬ እንጂ።"

"ታዲያ ቁረጪያ!"

"ሰፊ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ከቁርጥራጭ አይወጣም" አለችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ላይ ማለቴ፣ ሰማያዊው የሥራ ጋዋኔ ላይ።

"ያለ ጋዋን ተሳፋሪው ማን ነህ ቢለኝስ?"

"ድምፅህ ይበቃሃል።"

ጋዋኔን አውልቄ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? ጀርባውን ዘርግታ በሰያፍ ቆረጠችው። ቁራጮቹን ቀጣጥላ መክፈፍ ስትጀምር ጨርቁ ሆዱን ዞረ፣ በመቅጃው ወጣ ወረደ፣ በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ ተመላለሰ፤ አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። የበራዱ መቀመጫ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥለቱን እዚያ ዘረጋችው። ይህን ጊዜ ፊቷ በራ፤ እኔም ጋዋኔን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቤቱ ውስጥ የኔዓለም ጣቷን በጠርዙ ላይ እያስኬደች በራዱን ሙሉ ዞረችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች። የተንጠለጠለ ክር ፍለጋ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል።

የኔዓለም ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ሰቀለችው። ወርዳ ራቅ ብላ አየችው፤ ከዚያ ከጥግ የቆመውን ጥቅል ባነር አንስታ ለወለላ ሰጠቻት።

"ለመቁረጫ ጠረጴዛሽ አንጥፊው። ሰኞ ደግሞ መጥተሽ መስኮቶቼን ለኪልኝ፤ መጋረጃ የምትሰፊልኝ አንቺ ነሽ።"

ወለላ ሰኞን አልጠበቀችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እዚያው መለካት ጀመረች። እኔ በሸሚዝ ቆሜ የሜትሩን ጫፍ ይዤላት፣ የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ያለ እኔ ሲወጣ በመስኮቱ እያየሁ ሳቅሁ።