ከአባዬ ሰዓት ላይ የተሰረቁት ሁለት ደቂቃዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክሬጊበርን በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ ከሚገኘው ሜዳ የጨዋታ ማብቂያ ሳይረን ሲጮህ፣ የማጥበውን ሳህን እንደያዝኩ ቀጥ እላለሁ። ልጄ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ እጥበቴን እቀጥላለሁ። ውሸቴን ነው። ያ ድምፅ ጎትቶ የሚወስደኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ዳንደኖንግ በሚባል ሰፈር ወደነበረች፣ ሁለት ሰው ብቻ ወደምትይዝ የቆርቆሮ ክፍል ነው።

አባዬ ደሴ ሳሉ የታወቁ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ይውሉ ነበር። ወንድሜ ሰኢድ የኮሌጁ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ሲገባ (እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃውንም ኮሌጅ ይሉታል) ወላጅ ሁሉ በአንድ ነገር እንዲያግዝ ተጠየቀ። ቋሊማ መጥበሱ ሐራም ሆነባቸው፤ ሙያቸውን የሰማው የስፖርት አስተማሪ ደግሞ የጨዋታውን ሰዓት እንዲይዙ ሰጣቸው። ያን ዕለት ወደ ቤት የገቡት ሚኒስትር የተሾሙ መስለው ነበር። የተሰጣቸውን ሰዓት ፈትተው፣ አጽድተው፣ መልሰው ገጥመው «አሁን ገና ሰዓት ሆነ» አሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ቀላል ነበር። ጨዋታው፣ ኳሷን በእጅ ይዘውና እያነጠሩ የሚሮጡበት የዚህ አገር ፉትቦል፣ አራት ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን፣ ኳሷ አጥር ዘልላ መንገድ ብትገባ እንኳ ሰዓቱ አይቆምም ነበርና ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ደንቡ ተለወጠ። አንዱ ክፍል ወደ ሃያ ደቂቃ ወረደ፤ ነገር ግን ኳስ ስትወጣ፣ ግብ ሲገባ፣ ተጫዋች ሲጎዳ ዳኛው እጁን ያነሣል፣ ሰዓቱም ይቆማል፣ ዳኛው እንደገና ምልክት እስኪሰጥ ድረስም አይንቀሳቀስም። ሰኢድ «ጨዋታው አጠረ» ብሎ ሲነግረን ደስ ብሎኝ ነበር። አጠረ የተባለው ጨዋታ ግን መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ይባስ ብሎ አዲሱ ደንብ እኔን አሰረኝ። አባዬ ሰዓት ከያዙ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ ከሙያቸው የቀረ ልማድ ነው። ዳኛውን የሚያይላቸው ሰው ስላስፈለገ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በሜዳው ዳር ባለችው የሰዓት ያዥ የቆርቆሮ ክፍል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዳኛው እጁን ሲያነሣ «ያዝ!» እል ነበር፤ ጨዋታውን ሲያስቀጥል «ልቀቅ!» እል ነበር። አንቱ የምላቸውን አባቴን እንዲህ ማዘዝ መጀመሪያ ላይ አሸማቀቀኝ፤ እሳቸው ግን «እዚህ አንቱታ የለም፤ አንቺ እስክታከብሪኝ ሰከንዱ ይሄዳል» ብለው ሳቁ።

ክረምቱ ሲገባ ሳቁም አለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሯችን ይደነቁር፣ እግሬም ይደነዝዝ ነበር፤ ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው በእረፍቱ፣ አባዬ ሶላታቸውን ሲሰግዱ ነበር። የክፍሌ ልጆች ቺፕስ እየበሉ በመስኮቱ ፊት ሲያልፉ፣ ዓይኔን ዘወር ካደረግሁ ዳኛው እንዳያመልጠኝ ብዬ ሰላም እንኳ አልላቸውም ነበር። አባዬ ላገኙት ሁሉ «ዓይኔ እሷ ናት» ይሉ ነበር። እኔ ግን ያንን ሰዓት ጠላሁት፤ እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ አንዳንድ ቅዳሜ እሳቸውንም ጭምር ነበር የምጠላው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቡድኑ ካሸነፈ ለፍጻሜ የሚያልፍበት ጨዋታ፣ ኬቲ ከምትባል የክፍሌ ልጅ ልደት ጋር ገጠመ። ልደቱ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው በሚንሸራተቱበት የሮለር ስኬት መጫወቻ ቤት ነበር። ይህን አገር ከረገጥን ወዲህ እኔን የጠራ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ እናቷም በሜዳው በር ላይ እስከ አሥር ሰዓት ልትጠብቀኝ ተስማማች። አባዬ «ጨዋታው እንዳለቀ ትሄጃለሽ፣ ቃሌ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻው ክፍል ኳሷ እየወጣች እየገባች ሰዓቱ አልሄድ አለ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን የኬቲ እናት መኪና በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ ልቤ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ አንድ ልጅ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ፤ ዳኛው እጁን አነሣ። ዝም አልኩ።

የሜዳው ጩኸት ጸጥ ማለቱ ያጠራጠራቸው አባዬ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ያዝ ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ ይሂድ» አልኩ።

ልጁን ደግፈው እስኪያወጡት ሁለት ደቂቃ ነጎደ። ጨዋታው ቀጥሎ ብዙም ሳይቆይ አባዬ ሳይረኑን ሲጫኑት፣ ሰኢድ ኳሷን እያነጠረ ብቻውን ወደ ግቡ እየሮጠ ነበር። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን፤ በዚህ ጨዋታ አንድ ግብ ስድስት ነጥብ ነው።

ዳኛውና የስፖርት አስተማሪው ተከታትለው መጡ። ሳይረን ከጮኸ ውጤት አይመለስም፤ ማወቅ የፈለጉት ሰዓቱ ለምን እንዳልቆመ ነበር። ጥያቄውን በአማርኛ ለአባዬ ነገርኳቸው። አባዬ ፊቴን አዩት። ከዚያ ሰዓቱን በቀስታ አስቀምጠው «እጄ ነው የዘገየው፣ በያቸው። ልጄ ነግራኛለች፤ ያልያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። እኔም አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሰኢድ ከሜዳው ሆኖ «ዳድ፣ ሃው ኩድ ዩ?» (እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?) እያለ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

አባዬ የልደቱን ስጦታ ከወንበሩ ሥር አውጥተው «ሂጂ፣ ይጠብቁሻል» አሉኝ። ሄድኩ። መብራት በሚያብረቀርቅበት ወለል ላይ እያለቀስኩ ስዞር አመሸሁ፤ ኬቲ መውደቅ የፈራሁ መስሏት እጄን ይዛኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጨዋታው ሲጀመር ሌላ ሰው ሰዓት ያዥ ሆነ። ቅዳሜዬ ነጻ ወጣ፤ አባዬ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ሥራ የፈታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይውሉ ነበር።

አሁን በሜዳው ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ስላለ፣ የቀረውን ሰዓት ሕፃን እንኳ ያነበዋል፤ ልጄም በቅዳሜዋ እንደፈለገች ትሆናለች። ፀጉሩ የሸበተው ሰኢድ ለዒድ ስንሰበሰብ «አባዬ፣ ያቺን ሁለት ደቂቃ መቼም አልረሳትም!» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ወደ እኔ ሳያዩ «እጄ ዘግይቶ ነው» ይሉታል። ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩና ስለፈራሁ ነበር። ዛሬ አርባ አልፎኛል፣ የሚቆጣኝም የለም፤ ሆኖም ሰኢድ በሳቀ ቁጥር አብሬው እስቃለሁ።