ለእኔ የተነሣው ድንጋይ

ግንበኞች ከትከሻቸው ላይ ድንጋይ ሲጥሉ፣ ድንጋዩ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ያን ድፍን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ መካነ ሰላም ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ይመጣብኛል። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ማን ማን እንደነበረ አንድ በአንድ ልጥራ። አባቴ እሸቴ ነበረ። እናቴ ትሁን ነጠላዋን አሸርጣ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ነበረ። ጎረቤታችን ሼህ ኑሩ ነበሩ፤ በሰፈራችን ሬዲዮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። መምሬ ገላው ነበሩ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩት እኔም ነበርኩ። ከቀሩት ተማሪዎችና አስተማሪዎች የብዙዎቹን መልክ አስታውሳለሁ፤ በስማቸው ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልጽፈውም።

በዚያ በጋ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ እኔና ታደሰ በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን እናጠና ነበር። ኩራዙ የሚቀመጠው ግን ወደ እሱ ተጠግቶ ነበር። የሚኒስትሪ ፈተና ስላለበት እናቴ ቆሎ ስትዘግን መጀመሪያ ለእሱ ትሰጥ ነበር፣ ዶሮዋ እንቁላል ከጣለችም የእሱ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ አባቴ መጽሐፍ አስይዞ የሚያስነብበው እሱን ነበር። እኔም ማንበብ እችል ነበር። ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ፊደሉን በተገላቢጦሽ እያነበብኩ ገጹን ከእሱ ቀድሜ ጨርሼ፣ እስኪገልጠው ድረስ እጠብቀው ነበር፤ ይህን ግን ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሼህ ኑሩ ሬዲዮኑን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ስለ አዲሱ የትምህርት ሕግ ተነገረ። ከተማው እንደተረዳው ከሆነ የድሃ ልጅ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሮ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል፣ ከዚያ በላይ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። አባቴ ነገሩ በደንብ ስላልገባው ሼህ ኑሩን ደግመው እንዲያስረዱት ለመናቸው፤ እሳቸውም ቀስ ብለው አስረዱት። ታደሰን አየው። ታደሰ አራተኛን ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ሰዎቹ ሁሉ አዝነው ነበር፤ እኔ ግን፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከታደሰ ይልቅ የታየሁት ያን ቀን ነበር።

ደስታዬ አልቆየም። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዎቹ ማስተማር አቆሙ፣ ተማሪዎቹም በየጧቱ ቅጠል ይዘው እየወጡ «ሕጉ ይቅር» ማለት ጀመሩ፤ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላው ታደሰ ስለነበር ከፊት ሆኖ የሚያስጮኸው እሱ ሆነ። ሕጉ የሚነካው እኔን ነበር፣ ጩኸቱ ግን የእሱ ሆነ። ድምፁ ተዘግቶ ሲመጣ እናቴ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ማር በማንኪያ ታቀምሰው ነበር። አንድ ቀን እኔም ጉሮሮዬን ይዤ ብጠጋት፣

«አንተ ደግሞ መቼ ጮህክና?» አለችኝና ማንኪያውን ላሰችው።

ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ሌላ መከሩ፤ ድንጋይ ተሸክመው የአውራጃውን ገዥ ሊማጠኑ። በአገራችን የሚማጠን ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሚማጠነው ሰው ፊት ይንበረከካል፤ ያ ሰው ልመናውን ተቀብሎ «አውርድ» ካላለው አያወርድም፣ የሚማጠኑትም ሰው ጥሎ ቢሄድ ነውር ነው። ይህ የሚደረገው ለደም፣ ወይም ኮብልላ ለሄደች ሚስት ነበር። ለሕግ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ታደሰ ይህን ሲሰማ እራቱን ተወው።

«አባ፣ እኛ መብታችንን ነው የምንጠይቅ። ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው» አለ።

«የቸገረውም ይሸከማል» አለ አባቴ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ።

በማግስቱ ጧት አባቴ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ሲመርጥ ተከትዬው ሄድኩ። ሁለት አንሥቶ መለሰ፣ አንዱ ቀለለው፣ ሌላው ጎኑ ስለታም ነበር። ሦስተኛው ግራጫ፣ ወደ አንድ ጫፉ የሾጠጠ ነበር። እሱን አንሥቶ ክብደቱን ከለካ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺ ለአንተ ናት» አለኝ። ለእኔ ሲል የሚሸከማት መሆኑን ነው ያለኝ። እኔ ግን ድንጋዪቱ የእኔ ሆነች ብዬ ያዝኩት፣ መንገዱንም ሁሉ ዐይኔን ከእሷ አልነቀልኩም።

ሜዳው ላይ ተማሪዎቹ ከፊት ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸውን ተሸክመው ከኋላ ደረሱ። የፖሊሶቹ አዛዥ የሌላ አገር ሰው ስለነበር ልማዱን አላወቀውም፤ ያን ሁሉ ድንጋይ ሲያይ ሊወረወርበት መስሎት ጠመንጃ አስቀባበለ። የባሰው ከእኛው በኩል መጣ። ሰልፉ ውስጥ ከነበሩት አንዳንድ ልጆች ዞር ብለው አባቶቻቸውን ድንጋይ ይዘው ሲያዩዋቸው፣ ሽማግሌም ለጠብ ተነሣ ብለው ጎንበስ እያሉ ድንጋይ ማንሣት ጀመሩ። ሼህ ኑሩ ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ ልጆቹን ሰንጥቀው ወደ ፊት አለፉና በጠመንጃዎቹ ፊት ተንበረከኩ።

«ልጆች፣ በእጃችሁ ያለውን ጣሉ» አሉ ዘወር ሳይሉ። «የእኛ ድንጋይ አይወረወርም።»

ልጆቹ ጣሉ። መምሬ ገላው ከሼህ ኑሩ ቀኝ፣ አባቴ ከመምሬ ገላው ቀጥሎ ተንበረከኩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ።

ገዥው ወጥተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እሳቸው ልማዱን ያውቁ ነበር። ሕጉ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንደሆነ፣ እሳቸውም ታዛዥ እንደሆኑ እያስረዱ ድንጋዩን እንዲያወርዱ ለመኗቸው።

«ጌታዬ፣ ሕጉ ከቀረ እናወርዳለን» አለ አባቴ።

«ሕጉን እኔ አላስቀረውም እኮ።»

«እንግዲያው የሚያስቀረው እስኪሰማ እንቆያለን» አሉ መምሬ ገላው።

ገዥው ጥለው አልገቡም፣ ልመናውን ተቀብለውም «አውርዱ» አላሉም። በራፋቸው ላይ ቆሙ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ክርስቲያኖቹ ምግብ አልቀመሱም፣ ፀሐዩም እየበረታ ሄደ። የአባቴ አንገት ሥር ሲገተር፣ ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ፣ ጉልበቱ አቧራው ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። በዚያው ቅጽበት ታደሰ ከተማሪዎቹ መሀል ወጥቶ መጣ፣ ያ «የበደለ ነው የሚሸከም» ያለው ልጅ፣ ከአባቴ በወዲያኛው ጎን ተንበርክኮ ትከሻውን አስጠጋ። አባቴ ድንጋዪቱን ለእሱ ሰጠው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እናቴም እልል አለች። ቢሰጠኝ አልችላትም ነበር፣ አውቃለሁ። እጄን ግን ቶሎ አላጠፍኩትም።

እልልታው ሳያልቅ ገዥው እጃቸውን አነሡ።

«በሉ አውርዱ። ሕዝቡ አልተቀበለም ብዬ ቴሌግራም እልካለሁ።»

ድንጋዮቹ አንድ ላይ ወደቁ። ያ ድምፅ ነው ዛሬም የሚከተለኝ።

ሕጉ መቅረቱን የሰማነው በዚያው በሼህ ኑሩ ሬዲዮ ነው። በየከተማው ሰው ወጥቶ ስለነበር ያስቀረነው እኛ ብቻ ነን ያለ የለም፣ ሰፈራችን ግን ታደሰን በትከሻው ተሸክሞ ከትምህርት ቤቱ እስከ ደጃችን አመጣው። ድንጋዪቱንም አባቴ አስመጥቶ ከአጥራችን ሥር አስቀመጣት። እናቴ ልብስ ስታሰጣ «እዚያ፣ የታደሰ ድንጋይ ላይ አድርገው» ማለት ጀመረች፣ ስሟም በዚያው ጸና።

በልግ ሳይዘንብ ቀረ። በማሻ በኩልም በወግዲ በኩልም የመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ደጃችን ላይ ይቀመጡ ነበር፤ እናቴ ንፍሮውን እያቀጠነች ለእነሱም ለእኛም ታካፍል ነበር፣ እነዚያ ልጆች ሲበሉ ሳይ ስለ ታደሰ ድርሻ ማሰብ አቆም ነበር፣ ሲሄዱ ግን ይመለስብኝ ነበር። ክረምቱ ዘግይቶ መጣ። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ፣ በቅሏችንም ተሸጠች።

መስከረም ላይ ንጉሡ መውረዳቸው ተሰማ፤ በዚያው ሰሞን ታደሰ ፈተናውን ማለፉ ታወቀና ደሴ ሊሄድ ተሰናዳ። በተዋሱለት በቅሎ ወረኢሉ ደርሶ ከዚያ መኪና ይሳፈራል። አባቴ እስከ ከተማው ዳር ሸኝቶት ሲመለስ ደጅ አገኘኝና ድንጋዪቱ ላይ ተቀመጠ።

«ሕጉ ቀርቷል፣ ልጄ» አለኝ። «እኔ ነኝ ያልቻልኩ።»

አምስተኛ ክፍል አልገባሁም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን የተማርኩት ታደሰ ጨርሷቸው ከሚልካቸው መጻሕፍት ነው፤ ገጽ የጎደላቸውን ከሌላ ሰው እየተዋስኩ በእጄ ጽፌ እሞላቸው ነበር። ዛሬ እሱ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሲመጣ ለልጆቹ ያን ቀን ያወራላቸዋል፣ በእሱ ወሬ ውስጥ ድንጋዪቱን ከወንዙ ጀምሮ የተሸከማት እሱ ነው። አላርመውም። ያኔ እልልታው ነበር የሚያስቀናኝ፤ ዛሬ የሚያስቀናኝ በጧት ደብተር ይዞ በደጃችን የሚያልፍ ልጅ ሁሉ ነው፣ አራተኛን አልፎ አምስተኛ ሲገባ እንደ ቀላል ነገር የሚያልፈው። ድንጋዪቱ ግን አሁን የምትሠራው ለእኔ ነው፤ የማነበው እሷ ላይ ተቀምጬ ነው።

አባቴ ስላረፈ የምጠይቀው የለኝም። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። አባቴ ድንጋዪቱን የተሸከመው በቀኝ ትከሻው ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያየ ካለ ይንገረኝ፤ ለታደሰ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ ዞር ብሎ ነበር? እኔ ዐይኔ ድንጋዪቱ ላይ ስለነበር አላየሁም።